የጦጣዎቹ አጭር ጥሪ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የላም በረቱን እናንተ በሉ።

በአንድ ጫካ የሚኖሩ ጦጣዎች ነብር ሲመጣ ረጅም ጩኸት ሰምተው ዛፍ ላይ ይወጡ፣ ንስር ሲመጣ ደግሞ ድርብ ጩኸት ሰምተው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገቡ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ብልጣብልጥ፣ «ትንፋሽ ለምን እናባክናለን? ለሁለቱም አንድ አጭር ጩኸት ይበቃል» አለ።

አንዲት እናት ልጇን እንዳቀፈች ብልጣብልጡን፣ «የኔ ልጅ፣ ለጠሪው ቀለለ፤ ሰሚው በምን ይለየው?» አለችው።

«እትዬ፣ ያስተዋለ ይገባዋላ!» አላት።

ሁሉም ሳቁባት፤ ሐሳቡም ጸደቀ።

ንስሩ በመጣ ዕለት አጭሩ ጩኸት ተሰማ። ልጇ ነብር መስሎት ዛፉ ጫፍ ላይ ወጣ፤ ንስሩም ከዚያው ነጥቆ ወሰደው።

«ጥሪውማ ያምራል፤ ልጅሽ ነው ያላስተዋለው» አሏት።

«እግዜር ይየው» አለች። ከዚያ ወዲህ ጩኸት ስትሰማ፣ የመጣው የቱ እንደሆነ ስለማታውቅ ወደ ዛፍም ወደ ቁጥቋጦም አትሮጥም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ልጆቻችሁን ያኑርላችሁ።