የአራተኛው ፎቅ ብርድ

በደብረ ብርሃን ብርድ የተማረሩ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ልሳነወርቅ፣ መሥሪያ ቤታቸው በቧንቧ በሚዞር ሙቅ ውሃ እንዲሞቅ አዘዙ። የቧንቧ ባለሙያዋ የቧንቧውን ርዝመትና መታጠፊያውን ሁሉ አስልታ ውሃውን የሚገፋ ትልቅ ፓምፕ እንዲገዛ ጠየቀች። እሳቸው ግን «እኔ ያልኩት ይበቃል» ብለው ትንሹን አስገዙ።

በምረቃው ቀን እስከ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሁሉ ሞቀ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግን እንደ በረዶ ቀዘቀዘ። አቶ ልሳነወርቅ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ባለሙያዋን በእንግዶች ፊት አስጠሩና «ለምን እንዳልሞቀ ተናገሪ። ፓምፑ አነሰ ካልሽ ግን ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ!» አሏት።

ባለሙያዋም ሳትስቅ «ኧረ ፓምፑስ አላነሰም፣ ጌታዬ» አለች። «እርስዎ ነዎት ከፍ ያሉበት። ሁለት ፎቅ ዝቅ ቢሉለት ያሞቅዎታል።»