ስልሳ በመቶ ሥጋ

ደረቅ የውሻ ምግብ የሚያመርቱት አቶ ዓለምሰገድ ከረጢቱ ላይ «ስልሳ በመቶ የበሬ ሥጋ» ብለው አሳትመዋል። የፋብሪካው ዘበኛ ግን «ፉርሽካ ነው፤ ሥጋ በአጠገቡም አላለፈ» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። ዘበኛው ጾም እንደማይገድፍ ያውቃሉና፣ በሁዳዴ አንድ ቀን ነጋዴዎችን ሰብስበው አስጠሩት።

«በል፣ ሥጋ ከሌለው ፊታችን ብላው! ከፈራህ ግን ሥጋ አለው ማለት ነው፤ ውሸታም ደግሞ የፋብሪካዬን በር አይጠብቅም!» ብለው ደረታቸውን ነፉ።

ዘበኛው ዘጠኝ ሰዓት ማለፉን ጠይቆ አረጋገጠ። አማተበና እፍኝ ሙሉ ዘግኖ፣ እየቆረጠመ ጨረሰው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ጾሜን አልገደፍኩም» አለ አፉን እየጠረገ። «እኔስ ለፋሲካ እፈስካለሁ፤ ይህን እየበላ የሚኖረው ውሻ ግን መቼ ነው የሚፈስከው?»