ሰማያዊዋ መኪናና የአባ ሙሄ ግማሽ ጢም

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የመኪና በረት ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ይመር የሚባል ሰው ነበረ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ እኩዮቹ በግ ሲገዙ እሱ ሣር የበቀለባትን አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ገዛ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲፈታትና ሲገጥማት ኖረ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ መኪና ሲያልፍ ሲሰማ፣ ሳያይ በድምፁ ብቻ ዕድሜውን ይናገራል። የነጂውንም ጠባይ ይጨምራል። «ይሄ ሰው ፍሬን ላይ ይቸኩላል፤ ሚስቱንም እንደዚሁ ነው የሚያናግራት» ይላል። የራሱ ሚስት ሉባባ ግን በሰማያዊዋ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሉባባ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሽቶዋን ተቀብታ በረንዳው ላይ ቆመች። የወንድሟ ልጅ ሐይቅ ከተማ ልትዳር ነው።

«ይመር፣ ዛሬ በዚች መኪና ሠርጉ ላይ አድርሰኝ» አለች። «እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልሆነ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ሰኞ ቁራሌው ሲመጣ ከአሮጌው ድስት ጋር አስረክባታለሁ።»

ተቆጥታ ብትናገር ኖሮ ይመር ባልፈራ ነበር። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

ይመር ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ሞቷል። «ግድ የለም፣ በግፊ ትነሳለች። ቁልቁለቱን ትያዝልኝ ብቻ» ብሎ የግቢውን በር ከፈተ። ከበሩ ፊት ለፊት ሽንኩርት የጫነ ትልቅ መኪና ተገትሯል።

የሽንኩርቱ መኪና ካልሄደ ሰማያዊዋ አትገፋም፤ ሰማያዊዋ ካልተገፋች ሉባባ ሐይቅ አትደርስም።

ሾፌሩ ታምሩ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሸንኮራ ይበላል። «ጋሼ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ እኮ ነው» አለ።

«ስኮርታ፣ ትርፍ ጎማ የለህም?»

«የፈነዳው ስኮርታው ነው። ዋናው የፈነዳው ትናንት ነበር። አሁን ጎሚስታው ጋ ልኬዋለሁ።»

ይመር ቁልቁል ወደ ጎሚስታው ወረደ። ጎማው ካልተነፋ የሽንኩርቱ መኪና አይሄድም፤ የሽንኩርቱ መኪና ካልሄደ ሰማያዊዋ አትገፋም፤ ሰማያዊዋ ካልተገፋች ሉባባ ሐይቅ አትደርስም።

ጎሚስታው ከድር ጎማውን ለጥፎ ጨርሷል። ግን ጎማው እንደ ተኛ ነው፤ ከድርም አጠገቡ ተጋድሟል። «ለጥፌዋለሁ ጋሽ ይመር፤ መንፋት ነው ያቃተኝ። የኮምፕሬሰሬ ቺንጋ ተበጠሰ» ብሎ የተበጠሰውን የጎማ ቀበቶ እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥሎ አሳየው። «እትዬ ጦይባ ወፍጮ ቤት ትርፍ ቺንጋ አለች። ልክ ትሆነኛለች።»

«ታዲያ ምን ያጋድምሃል?»

«ባለፈው ወር የሷን ሚዛን ሰብሬያለሁ። እርስዎ ይሂዱልኝ።»

ይመር ሄደ። እየሄደ ለራሱ ይቆጥራል፦ ቺንጋው ካልተገኘ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ የሽንኩርቱ መኪና አይሄድም፤ የሽንኩርቱ መኪና ካልሄደ ሰማያዊዋ አትገፋም፤ ሰማያዊዋ ካልተገፋች ሉባባ ሐይቅ አትደርስም።

እትዬ ጦይባ ከወፍጮ ቤቱ ውጪ፣ ዱቄት እንደ ለበሰች፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ይመር ነገሩን ከሉባባ ጀምሮ እስከ ቺንጋው ዘረዘረላት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ በጣቷ ወደ በሩ አሳየችው። በሩ ላይ አንድ አህያ ከነጭነቱ ተኝቷል፤ ከመድረኩ እስከ መቃኑ ሞልቶታል።

«ቺንጋው ከውስጥ ተሰቅሏል» አለች ጦይባ። «ውሰድ፣ አልከለከልኩህም። መግባት ከቻልክ።»

ይመር አህያውን ጎተተ፤ አንገቱ ተጎተተለት፣ አህያው ግን አልተነሳም። ከኋላ ገፋ። የጭነት መኪና ከጭቃ ያወጣ ሰው ነው፤ አህያውን ግን አላወጣም። አህያው አንድ ጆሮውን አዙሮ አየውና መልሶ ተኛ።

«የአባ ሙሄ አህያ ነው፤ ከሳቸው ሌላ አይሰማም» አለች። «ልላጭ ብለው ጸጉር ቤት ከሄዱ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚላጭ ምን ዓይነት ጢም ነው?»

አምስት ሰዓት አልፏል። ይመር አሁን እየሮጠ ነው፤ እየሮጠም ይላል፦ አባ ሙሄ ካልመጡ አህያው አይነሳም፤ አህያው ካልተነሳ ቺንጋው አይገኝም፤ ቺንጋው ካልተገኘ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ የሽንኩርቱ መኪና አይሄድም፤ የሽንኩርቱ መኪና ካልሄደ ሰማያዊዋ አትገፋም፤ ሰማያዊዋ ካልተገፋች ሉባባ ሐይቅ አትደርስም።

ጸጉር ቤቱ ውስጥ አባ ሙሄ ፎጣ አንገታቸው ላይ ታስሮ ተቀምጠዋል። ቀኝ ጉንጫቸው እንደ ብርጭቆ ያበራል፤ ግራው ጫካ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ገረመው ምላጩን አስቀምጦ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«አባ ሙሄ፣ ይነሱልኝ፣ አህያዎ በር ዘግቷል» አለ ይመር።

«በግማሽ ጢም? ሰፈር የማስታርቅ ሽማግሌ ነኝ እኮ። ነገ ማን ይሰማኛል?»

«ገረመው፣ ጨርስላቸው እንጂ።»

«አልጨርስም፣ ጋሽ ይመር» አለ ገረመው። «ምክንያቱ እርስዎ ነዎት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ገረመው ከሦስት ወር በፊት የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ቆርጦ ነበር። የዚያን ሰሞን ይመር እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በሰው ፊት፣ «ድምፅ የሌለው መኪና ጎማ የተገጠመለት ባትሪ ድንጋይ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ገረመው ከዚያ ወዲህ አልገዛም፤ ሐሳቡንም አልተወ። ዛሬ ደግሞ አባ ሙሄ ግማሹን ተላጭተው ሳሉ ያንኑ ቃል ደገሙለት፤ አህያ እንዲገዛም መከሩት።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አለ ገረመው። «በሚንቀጠቀጥ እጅ ሰው ጉሮሮ አጠገብ ምላጭ አልይዝም። እርስዎ መኪና ያውቃሉ፤ ሰዉ የሚሰማው እርስዎን ነው። እውነቱን ይንገሩኝ። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ለምመላለስ ሰው፣ ልግዛ ወይስ ልተው?»

ይመር ወረፋ የያዙትን ሰዎች አየ፤ ሁሉም ያዩታል። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወዲያ ሮጦ የሚሄድበት ቦታ አልነበረም። እውነቱ ካልተነገረ ጢሙ አይላጭም፤ ጢሙ ካልተላጨ አባ ሙሄ አይመጡም፤ አባ ሙሄ ካልመጡ አህያው አይነሳም፤ አህያው ካልተነሳ ቺንጋው አይገኝም፤ ቺንጋው ካልተገኘ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ የሽንኩርቱ መኪና አይሄድም፤ የሽንኩርቱ መኪና ካልሄደ ሰማያዊዋ አትገፋም፤ ሰማያዊዋ ካልተገፋች ሉባባ ሐይቅ አትደርስም።

«ግዛ» አለ ይመር ቀስ ብሎ።

«ለጢሙ ብለው ነው?»

«አይደለም። ያን ከማለቴ በፊት አንድ የድሮ ባልደረባዬ የኤሌክትሪክ መኪናውን አስነዳኝ። ይዤያት ሐረጎን ወጣሁ። ያ ዳገት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስለቅሰኝ የኖረ ዳገት ነው። እሷ ቁና ቁና እንኳ አልተነፈሰችም።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አሉ?»

ይመር ኮፍያውን አወለቀ። «ቀናሁ። እኔ ሰማያዊዋን ለማስነሳት ሰባት ዓመት ለፋሁ፤ ያቺ በአንድ ጣት ተነሳች። ውሎህ እዚሁ ከተማ ነው፣ ቤትህ ስትገባ ትሰካታለህ። ላንተ የምትሆነው እሷ ናት። ነገርን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። አባ ሙሄ ከፎጣው ሥር፣ «ይሄን ለመናገር የኔን ጢም መጠበቅ ነበረብህ?» አሉ።

ገረመው እጁን ዘርግቶ አየ። አይንቀጠቀጥም። ምላጩን አነሳ።

እውነቱ ተነገረና ጢሙ ተላጨ፤ ጢሙ ተላጨና አባ ሙሄ መጡ፤ አባ ሙሄ መጥተው በአህያው ጆሮ አንድ ቃል ተናገሩና አህያው ተነሳ፤ አህያው ተነሳና ቺንጋው ተገኘ፤ ቺንጋው ተገኘና ጎማው ተነፋ፤ ጎማው ተነፋና የሽንኩርቱ መኪና ሄደ፤ የሽንኩርቱ መኪና ሄደና ሰማያዊዋ ልትገፋ ተሰለፈች።

ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ሉባባ ገብታ ከፊት ተቀመጠች። ይመር «ክብደት እንዳይሆን ትንሽ ውረጂ» ቢላት፣ «ሰባት ዓመት ጠብቄ ነው የገባሁት፤ አልወርድም» አለች። ስለዚህ እሷን ጨምረው ገፉ፤ ታምሩ የሽንኩርቱን መኪና ራቅ አድርጎ አቁሞ መጥቶ ገፋ፣ ከድር ገፋ፣ ጦይባ ገፋች፣ ገረመው ገፋ፣ አባ ሙሄ በንጹሕ ጉንጫቸው ዱዓ አደረጉ። ሰማያዊዋ ቁልቁለቱን ያዘች። ይመር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። አንድ ጊዜ ሳለች፣ ሁለት ጊዜ ነጠረች፣ በሦስተኛው ጉሮሮዋን ጠርጋ ተነሳች።

ይመር ዞሮም አላየ። በገበያው በኩል እንደ ንፋስ ሲበር፣ ሉባባ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና ክንዱን ነካችው።

«ቀስ በል።»

«ምነው፣ አስፈራችሽ?»

«አይ» አለች ሻሿን እያስተካከለች። «ሰዉ ይየን።»