የመጨረሻው ደጅ ሲከፈት

አንድ ብርቱ ሰው ነበር፤ ስሙ አስረስ ይባላል። የሚኖረው በየዓመቱ በረዶ እየወረደ ደጅ በሚዘጋበት የተራራ መንደር ነው። የመንደሩ ሰው ለአጨዳ ደቦ ይጠራራል፤ ቤት ሲሠራም ደቦ ይጠራራል። በረዶ በጣለ ቀን ግን ጎረቤት ጎረቤቱን አይጠራም። ከደጁ እስከ ትልቁ መንገድ ያለውን በረዶ ቀድሞ የጠረገ ሰው አደባባይ ወጥቶ ከበሮ ይመታል፤ ረዳት የጠራ ደግሞ ከበሮው አጠገብ አይደርስም። አስረስ ይህን ከበሮ ሰባት ዓመት በተከታታይ መትቶታል!

ጎረቤቱ አያ ገላው ሽማግሌ ናቸው። ከመውጣታቸው በፊት ትኩስ አጥሚት ይጠጣሉ፤ እጅና እግራቸውን ያፍታታሉ። አካፋቸውን ከግማሽ በላይ አይሞሉም። መግፋት የሚቻለውን በረዶ አያነሡም፤ ማንሣት ግድ ሲሆን ደግሞ ጉልበታቸውን አጥፈው ያነሣሉ እንጂ ጎንበስ ብለው በወገባቸው አይደለም። በየአሥር እርምጃው ቆም ብለው ያርፋሉ። አስረስ ይህን ሲያይ ሳቁ ያመልጠዋል።

“አያ ገላው፣ በረዶውን እየጠረጉት ነው ወይስ እየቆጠሩት?”

“ቀስ በቀስ እንቁላል…”

“እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ በረዶው ራሱ ይቀልጣል!”

አንድ ዓመት የበረዶው ወራት አለፈ ተባለና አስረስ አንድያ ልጁን ትሁንን ለመዳር ቀን ቆረጠ። በሰርጉ ዕለት ማለዳ በሩን ሲከፍት ግን፣ ጉድ! ውሃ ያዘለ ከባድ በረዶ እስከ ወገቡ ተከምሯል። ሙሽራው እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። በዚያ አገር ደግሞ ደጅ ተዘግቶበት የተመለሰ ሙሽራ በዚያው ዓመት ዳግም አይመጣም።

አስረስ ቁርስ ሳይቀምስ አካፋውን ይዞ ወጣ። አቤት የዚያን ቀን ፍጥነቱ! አካፋውን ጢም አድርጎ ይዝቃል፤ በትከሻው ላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ይወረውራል። ሰው በየአጥሩ ቆሞ “በርታ አስረስ! ከበሮው ያንተ ነው!” እያለ ይጮኻል። መንገዱ ሊጋመስ ሲል ደረቱን ጭምድድ አደረገው። “ዛሬስ ማረፍ አይሆንም” አለ ለራሱ። ግራ ክንዱ ደነዘዘ፤ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። እሱ ግን መዛቁን አልተወም።

ትሁን ከበሩ ላይ ሆና አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። የሰርግ ቀሚሷን ሰብስባ በረዶው ውስጥ ገባችና አካፋውን ያዘች።

“አባዬ፣ ተው!”

“ልቀቂ ልጄ! መንገዱ ካልተከፈተ ሰርግሽ ቀረ።”

“በረዶውን ማንም ይጠርገዋል። ዛሬ ጉልበቱን የምስመው አባት ግን ከየት አመጣለሁ?”

አስረስ አካፋውን ለቀቀና ትከሻዋን ተደግፎ ተቀመጠ። ትሁን ወደ አጥሩ ዞራ “የሰው ያለህ!” ብላ ጮኸች። በዚያ መንደር በበረዶ ቀን ሰው ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ቀድሞ የደረሰው ማን ይመስላችኋል? አያ ገላው! በዝግታ የጠረጉት መንገድ ከአስረስ አጥር ጥግ ደርሶ ነበር። ደግፈው ቤት አስገቡት፤ የመንደሩ ሐኪምም በዚያው በእሳቸው መንገድ መጣ። “ሌላ አሥር አካፋ ቢዝቅ ኖሮ ዛሬ የምንጠራው ለቀብር ነበር” አለ። ከዚያ መንደሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ጎረፈ። ሃያ ሰው፣ ሃያ ግማሽ አካፋ! ሙሽራው ብቅ ሲል ደጁ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቀው። አስረስ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ልጁ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ስትስመው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

“አያ ገላው፣ የዛሬውን ከበሮ እርስዎ ይምቱት” አላቸው።

“የማን ከበሮ ነው የምመታው? የዚያች መንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር መበለት ደጅ እኮ ገና እንደተዘጋ ነው” አሉና አካፋቸውን አነሡ። ሚዜዎቹም ተከተሏቸው። ከዚያ ዓመት ወዲህ በዚያ መንደር ከበሮ የሚመታው የመጨረሻው ደጅ ሲከፈት ነው።

ወዳጆቼ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አስረስ ግን ለመልቀም እንኳ ሳይተርፍ ሊቀር ነበር። ለቤተሰባችን ብለን አካፋችንን ጢም አድርገን እንሞላለን፤ ቤተሰባችን የሚፈልገው ግን እኛኑ ነው። ግማሽ አንሡ። ዕረፉ። ደረታችሁን ጭምድድ ሲያደርጋችሁ አካፋውን ጣሉት። ጎረቤት መጥራት አያሳፍርም።

እናንተስ ዛሬ በረዶ ቢዘጋባችሁ፣ ማንን ትጠራላችሁ?