ዓይኗን ታስራ የወቀጠችው ቅጠል

ተረት ተረት።

«የላም በረት።»

ዛሬ እንኳ የቅጠል በረት በሉኝ። እንዲያ ነው። አንቺ ከደጃፉ ላይ ተነሽና ወደዚህ ጠጋ በይ፤ ብርድ ይመታሻል።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል መድኃኒት አዋቂ ነበረ። ሚስቱም ማንጠግቦሽ ትባል ነበር። ጓንጉል ደግ ሰው ነው። ግን ቅጠሉን ለማንም አያሳይም። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ብሎ አባቱ አስፈራርቶታል። ስለዚህ ቅጠሉን በጉያው ደብቆ ያመጣና የማንጠግቦሽን ዓይን በነጠላ አስሮ ያስወቅጣታል። ከተወቀጠ በኋላም ሽታው እንዳይታወቅ የፍየል ሐሞት ጠብ ያደርግበታል። ከዚያም በማር ለውሶ ለበሽተኛው ይሰጣል። እሷም ታስራ ትወቅጣለች፤ ምን ታድርግ?

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ አንድ ፈረንጅ መጣ። ሥራው ቅጠል መልቀም ነው። የለቀመውን በወረቀት መሀል ያደርቅና በላቲን ስሙ ይጠራዋል። የየአገሩ ሊቃውንት ቅጠሉን በአንድ ስም እንዲያውቁት ነው አሉ። ኮሶም እንቆቆም የላቲን ስም አላቸው፤ ምን ይገርማችኋል? ፈረንጁም ቅጠሎቹን ይዞ ጓንጉል ዘንድ ሄደና፦

«ይህ ለምን ይሆናል?» አለው።

ጓንጉል ዋሸው። የሆድ ቁርጠቱን ቅጠል ለንዳድ ነው አለው። የንዳዱን ለፍየል እከክ ነው አለው። ፈረንጁ የዋህ ነውና አመስግኖ ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ ጓንጉል ራሱ በንዳድ ወደቀ። አንደበቱ ተያዘ። የተወቀጠ መድኃኒት ደግሞ ቤት ውስጥ አልቋል። ማንጠግቦሽም፦

«የትኛው ነው? በእጅዎ እንኳ ያሳዩኝ» ብላ አለቀሰች።

እጁን ማንሳት አቃተው። ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ዓይኑ ያስታውቃል። አንጀት ይበላል።

እየሮጠች ፈረንጁ ዘንድ ሄደችና፦

«ጌታው፣ ባሌ በንዳድ ሊሞትብኝ ነው» አለችው።

«አይዞሽ፤ የንዳዱን እሱ ራሱ ነግሮኛል» አለና አንድ ደረቅ ቅጠል አወጣላት።

በጣቷ አሸችና አሸተተችው።

«ይህ አይደለም። ንዳድ የያዘው ሰው ሲመጣ የምወቅጠው ሌላ ነው።»

ከዚያም ነጠላዋን አውልቃ ዓይኗን አሰረች። ዓይኗ ሳይታሰር አፍንጫዋ አይሠራላትማ።

«አንድ በአንድ ያቀብሉኝ» አለችው።

እሱ ያቀብላታል፣ እሷ ታሻለች፣ ታሸታለች፣ ታስቀምጣለች። አንዱ ላይ ስትደርስ ግን ደግማ አሸተተችው።

«ይህ ነው።»

«ይህማ ለፍየል እከክ ነው ተብዬ ነበር።»

«ፍየላችንን እከክ ይዟት አያውቅም» አለች ማንጠግቦሽ።

ፈረንጁም፦ «አርቴሚዚያ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ነው የለቀምኩት፣ ነይ ላሳይሽ» አለ።

ማንጠግቦሽ ስሙ ሲጠራ ክው አለች። ረከሰ፣ ባሌን ገደልኩት አለች በልቧ። ግን ምን ምርጫ አላት? ወንዙን ተሻግረው ለቀሙና ወቀጠችው። ሐሞት ሳትጨምር በማር ለውሳ አጎረሰችው።

ጎህ ሲቀድ ላብ አጠመቀው። ንዳዱም ለቀቀው፣ አንደበቱም ተፈታ።

«ማን ነገረሽ?» አላት።

«እርስዎ ነዎታ። ዓይኔን ሲያስሩ አፍንጫዬን መች አሰሩት?»

«ስሙ ተጠራ?»

«በላቲን ሳይቀር ተጠራ።»

«እና አዳነኝ?»

«ይኸው ቁጭ ብለው ያወሩኛል።»

ጓንጉል አለቀሰ። ይዞት ሊቀበር የነበረውን እውቀት አሰበና አለቀሰ። ፈረንጁንም አስጠርቶ የዋሸውን ሁሉ አቃናለት።

ሌላ ቀን ንዳድ የያዘው በሽተኛ መጣ። ማንጠግቦሽም እንደ ልማዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሳ ጓንጉል እጇን ያዛት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰላትና ቅጠሉን መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እይው። ይህ ጭቁኝ ይባላል» አላት።

በዚያ አገር ሰው ሁሉ ጭቁኝን ያወቀው ያኔ ነው አሉ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ። ሐሞት ያልገባበት ይሁን ታዲያ።