የጋቢናው ወንበር

አንድ አሮጌ ላዳ ያለው ሰው ነበረ። አባቱ ጋሽ ወንድይፍራው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ላዳ ታክሲ ሠርተው ነው። ጉልበታቸው ሲደክም ቁልፉን ለልጃቸው ሰጡና ወደ ጋቢናው ዞሩ። እሁድ እሁድ ልጅየው ይነዳል፤ አባት ጋቢና ተቀምጠው «ማርሽ ቀይር እንጂ! ምን ታስጮኻታለህ?» እያሉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ታዲያ ይህን ሰው የውድድር ፍቅር ያዘው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ባንዲራ ይወርዳል፤ በአጭር ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ማን ቀድሞ ይደርሳል? ይኸው ነው ውድድሩ።

ሞተሩን አስወርዶ አሠራ። ካርቡራተሩን በትልቅ ቀየረ። አሁንም ተቀደመ። የጋራዥ ጓደኞቹ «ክብደት ነው የያዘህ፤ አራግፍ» አሉት።

አራገፈ። የኋላውን ወንበር አወጣ። ትርፍ ጎማውን አወጣ። የራዲያተሩን ማራገቢያ እንኳ ፈታው፤ ለአጭር መንገድ ምን ያደርጋል ብሎ። በመጨረሻ መፍቻውን ይዞ ወደ ጋቢናው ዞረ።

ጋሽ ወንድይፍራው ደጃፍ ላይ ቆመው ያያሉ። «እኔንስ መቼ ነው የምትፈታኝ?» አሉ እየሳቁ።

«አባዬ ደግሞ! ከዚህ ውድድር በኋላ እመልሰዋለሁ።»

አሸነፈ። ግን ሌላ ውድድር መጣ። ከዚያም ሌላ። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ለበሰ። ሽማግሌው እሁድ እሁድ ከምራታቸው ከስንዱ ጋር በባጃጅ መሄድ ለመዱ።

አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ከከተማው ሁሉ ፈጣኑ መኪና እዚህ ቆሞ!» ተባለ።

የት ያስቀምጧቸው? በባዶው ቆርቆሮ ላይ ጋቢ አንጥፈው አስተኟቸው። ስንዱ ተንበርክካ ራሳቸውን ያዘች። ዋናው መንገድ ሲደርሱ መኪና ከመኪና ተጣብቆ ቆሟል። ላዳዋ ለመብረር እንጂ ለመጠበቅ አልተሠራችም። ማራገቢያ የለ፤ ውሃው ፈላ፣ እንፋሎቱ ፊት ለፊት ሸፈናቸው፣ ሞተሩ ጠፋ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ወንድም፣ ያቺ የምትበረው መኪና አይደለችም እንዴ?» አለ። ከዚያ ሽማግሌውን አየና ሳቁ ደረቀ። ወርዶ ደግፎ አስገባቸው። ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ። ልጅየው አባቱንም አየ፣ መኪናውንም አየ።

«እናንተ ሂዱ፤ መኪናዋን ከመንገድ ላውጣና እደርሳለሁ» አለ።

ባጃጁ ውስጥ ጋሽ ወንድይፍራው የስንዱ ትከሻ ላይ ተደግፈው «ይኼስ መቀመጫ አለው» አሏት። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ልጃቸው ሆስፒታል ሲደርስ ፊታቸው ተሸፍኗል።

ሐዘንተኛው ሲበተን ልጅየው ወንበሩን ከግድግዳው አነሣ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ወደ ቦታው መልሶ ብሎኖቹን አጠበቀ። ማንም አልጠየቀውም። ስንዱ ግን እስከ ዛሬ አልተቀመጠችበትም።

ወገኖቼ፣ ለዚህ ታሪክ የሚያጽናና መጨረሻ ፈልጌ አጣሁ። ያላገኘሁትን አልሰጣችሁም።

መሮጥ ኃጢአት ነው አላልኩም። ያ ሰው አባቱን ይወድ ነበር፤ ይህንንም እወቁ። የፈታው ወንበር ብቻ መስሎት ነበር። እናንተስ? ቀላል ለመሆን፣ ለመቅደም ብላችሁ ምን ፈታችሁ? ከእናታችሁ ጋር የምትበሉትን ምሳ? ሚስታችሁን የምትሰሙበትን ሰዓት? ጸሎታችሁን? ለማንስ «ከዚህ በኋላ እመልሰዋለሁ» አላችሁ? ከዚህ ፈተና በኋላ፣ ከዚህ ሹመት በኋላ፣ ይህ ቤት ካለቀ በኋላ...

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ግድግዳ የተደገፈውን ወንበር እዩት። ውድድሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ውድድሩ አያልቅም። የሚያልቀው የሚቀመጥበት ሰው ነው።