የዶክተሩ ሙሉ እጣ

መጨረሻ ላይ የምትሰሟት ተረትና ምሳሌ ከቅድመ አያቶቻችን የወረደች መሆኗን አውቃለሁ፤ መጽሐፍ ገልጣችሁ እንዳትከራከሩኝ። በእኛ ከተማ ግን ሁለተኛ ልደት አላት። የተወለደችውም እህል መጋዘን ውስጥ፣ እሁድ ቀን፣ የነጋዴዎች እቁብ ላይ ነው። እኔ የእቁቡ ጸሐፊ ስለነበርኩ ምጡን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዶክተር ናሁሠናይ ገና ከመመረቁ ነው እኛ ሆስፒታል የተመደበው። ዓመታት ሙሉ ስለ ጉበት፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ጣፊያ ተምሯል፤ ስለ ደመወዝ ያስተማረው ግን የለም። እኛም አላገዝነውም። ዶክተር ከሆነ ሀብታም ነው ብለን ከወሰንን ቆይተናል። አከራዩ ኪራይ ሲጨምርበት፣ ሥጋ ቤቱ "ለዶክተር የሚሆን" እያለ ውድ ውዱን ሲቆርጥለት ፈገግ ብሎ ይከፍላል። "የለኝም" የሚለውን ቃል ያን ሁሉ ዓመት ሲማር አላገኘውም መሰለኝ።

የእቁባችን ዳኛ አቶ ይርዳው የእህል ነጋዴ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪማቸውም ይኸው ዶክተር ነው። አንድ ቀን ስኳራቸው አልወርድ ቢለው አፋጠጣቸውና በየማለዳው ማር በቅቤ እንደሚልሱ ተናዘዙ። "አባባ፣ እየደበቁኝ እንዴት ነው የማክምዎት? እኔ ጠንቋይ አይደለሁም" ብሎ ገሠጻቸው። አቶ ይርዳው በተግሣጹ እጅግ ተደሰቱ፤ እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው ከእቁባችን እንዳይቀር ብለውም ጋበዙት።

እቁቡ አርባ እጣ ነው፤ ሙሉ እጣ በሳምንት ሁለት ሺህ ብር። አቅሙ ያልደረሰ ግማሽ ወይም ሩብ ይይዛል። የሆስፒታሉ ዘበኛ ጋሽ አዱኛው ሩብ እየያዙ፣ ከዓመት ዓመት እያጠራቀሙ፣ ባጃጅ ገዝተው ያከራያሉ። አቶ ይርዳው ዶክተሩን "ግማሹ ይሻልዎት ይሆን?" አሉት። ዶክተሩ ዙሪያውን ቢቃኝ ነጋዴው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ተክሏል።

"ሙሉ ይሁን" አለ።

ለክብሩ ሲባል የመጀመሪያው እጣ ሳይወጣ ተለቀቀለት። ዋስ ያስፈልጋል ሲባል ጋሽ አዱኛው ብድግ አሉ። ሚስታቸውን ከሞት ያተረፈላቸው እሱ ነበርና ባጃጃቸውን አስያዙለት። ዶክተሩ ሰማንያ ሺህ ብሩን ተቀብሎ ለዶክተር የሚመጥን ሶፋና ለዶክተር የሚመጥን ቴሌቪዥን ገዛ። በተረፈው አገር ቤት የምርቃት ድግስ ደገሰ። የታረደው በሬ የሱን የበርካታ ወራት ደመወዝ ያወጣ ነበር ይባላል።

ከዚያ እሁድ ቶሎ ቶሎ መምጣት ጀመረ። የተረኝነት ክፍያ ይሸፍንልኛል ብሎ አስቦ ነበር፤ ክፍያው ግን እንደ ልማዱ ወራት ዘገየ። ሌሎች የሸሹትን ተረኝነት ሁሉ እየወሰደ ቆሞ ማንቀላፋት ጀመረ። ምሳ ሲሉት በፍስክ "ጾም ነኝ" ይላል። ሶፋው በግማሽ ዋጋ ተሸጠ፣ ቴሌቪዥኑም ተከተለው። እሱ ግን ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፤ ዶክተር ነዋ!

በአሥራ አምስተኛው እሁድ ቀረ። ስልክ ብንደውልለት "ባንክ ሲስተም የለም" አለ። በሳምንቱም ሲስተም አልነበረም። በሦስተኛው እሁድ ራሱ መጥቶ ያንኑ ደገመልን። ደንባችን ደግሞ አጭር ነው፦ ሦስት እሁድ ያቋረጠ እንደሆነ ዋሱ ይከፍላል፤ ዋሱ ጥሬ ገንዘብ ከሌለው ያስያዘው ንብረት ይሸጣል።

ጋሽ አዱኛው የባጃጃቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የሚስታቸው መድኃኒት የሚገዛው ከዚያች ባጃጅ ገቢ ነው፤ ያንን ደግሞ መድኃኒቱን ከሚያዝላቸው ሐኪም በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ አፈርኩ። መዝገቡንም ዘጋሁት።

ዶክተሩ ቁልፉን አየ። ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈች የደመወዝ ወረቀት አወጣና ከቁልፉ አጠገብ አኖራት።

"ያለኝ ይቺ ናት" አለ። "ከመጀመሪያውም ይቺው ነበረች።"

ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አቶ ይርዳው መነጽራቸውን አድርገው አነበቧት፤ ገልብጠውም አዩ፣ ከጀርባዋ ምንም አልነበረም። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከልቡ ተጨንቆ "የሳምንት ናት?" ሲል ጠየቀ።

"የወር ናት።"

ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ዶክተሩ ቀሪውን ዕዳ በሳምንት አምስት መቶ ብር፣ በሁለት ዓመት እንዲጨርስ ተፈቀደለት፤ እስከዚያ የሚጎድለውን ነጋዴዎቹ ተካፍለው ሊሞሉለት ተስማሙ። ያን ሁሉ ተረኝነት፣ ያን ሁሉ የውሸት ጾም ያስቀር የነበረው መፍትሔ ይኸው ነበር።

አቶ ይርዳው ቁልፉን ለጋሽ አዱኛው መለሱ። ከዚያም እስከዚያች ቀን "እርስዎ" ሲሉት የኖሩትን ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጃቸው አናገሩት። "ያኔ ማሬን ብደብቅህ ተቆጣኸኝ፤ ልክ ነበርክ። አንተስ በመጀመሪያው እሁድ 'ሩብ ይበቃኛል' ብትለን ማን ይንቅህ ነበር? እንግዲህ ልጄ፣ ለኛ የምታዘውን አንተም ዋጠው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"